ማሽኑ ሥር ያለው ኩሬ

ሰኔ 2

ምሳ ተበላ። ሳህኑን ማሽኑ ወሰደው።

ልጄ ኢዘዲን፣ የግድቡን ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ የገዛው ዕቃ ማጠቢያ ነው። ሲያስገባው «ኡሚ፣ ከእንግዲህ እጅሽ ይረፍ» አለኝ። እጄ መቼ ደከመኝ አለው? እዚህ ቤት ያረፈ ነገር የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ... ጓሮ፣ ከተሰበረው ወንበር ጎን።

ቁልፎቹ ላይ ያለውን ላነብ ሞክሬ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ እየተሳቀብኝ ፊደል ቆጠርኩ። ማሽኑ በሌላ ፊደል መጣ።

አንድ ነገር እዚህ ልጻፍ። ለሰው አልተናገርኩም። ማሽኑ ያንኑ ውሃ ነው እየደጋገመ የሚረጨው። ወጥ የነካውን ውሃ መልሶ ሳህን ላይ! ይሄ ምኑ ጠሃራ ነው? ንጹሕ ውሃ ካልወረደበት ምኑ ጸዳ? ስለዚህ ሁሉም ሲወጡ መሃል ላይ አቆመዋለሁ። እከፍተዋለሁ። ለሶላት ውዱእ በማደርግበት ማንቆርቆሪያ፣ በኢብሪቄ፣ ንጹሕ ውሃ ከላይ እስከ ታች አወርድበታለሁ። ቢስሚላህ ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ዙህር ልሰግድ እገባለሁ። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። አንድ ጠብታ ወጥቶ አያውቅም። የዚህ ቤት ሰው በንጹሕ ሳህን የሚበላው በእኔ ነው። ማን ያመስግነኝ...

ሰኔ 6

ነዕማ ከመንጌ መጣች። የምራቴ የሂባ እናት። ጉልበቷን ልትታከም ነው አሉ። ሻንጣዋ ግን የጉልበት አይደለም፣ የዓመት ነው።

መካ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ «ሐጃ» ካላሏት አትሰማም። «ነዕማ» አልኳት። ዝም። «ነዕማ!» አልኳት። ጣሪያ አየች። እኔም ተውኩት።

ኩሽና ገብታ ማሽኑን አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሳህን ያጥባል።»

«አንቺስ?»

ገና ጫማዋን ሳታወልቅ!

ሳሎን ፍራሽ ተነጠፈላት።

ሰኔ 8

ማሽኑ ሥር ውሃ ተኝቷል። ከየት መጣ? የእኔ ኢብሪቅ? የእኔ ኢብሪቅማ ስንት ወር ገብቶ ምንም አልሆነ።

የሴትዮዋ እግር ነው ያመጣው።

ሰኔ 11

ዛሬም ኩሬ። ሂባ ከዩኒቨርሲቲ አስተምራ ደክሟት መጥታ ወለል ወለወለች። አኮረፈች። እውነቱን ልጻፍ... ውስጤ ትንሽ ደስ አለው። ማሽኑም ይታመማል ለካ።

ደስታው እስከ ክፍሌ በር ነው የቆየው። ውሃው በግድግዳው ሥር ሾልኮ አልጋዬ ሥር ገብቷል። መስገጃዬ ራሰ።

ነዕማ በሩ ላይ ቆማ «ክፍልሽ ወንዝ አወጣ» አለችኝ። እቤት የምንነጋገረው በበርታኛ ነው፤ በበርታኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ሰኔ 16

ጠጋኝ መጣ። ሌንጂሳ ይባላል፣ የባምባሲ ልጅ ነው፣ ፍሪጅ ሲሠራ የኖረ። «ማዘር ዞር በይልኝ» ይላል። የት ልዙር? ቤቴ ነው።

ቱቦውን ፈታ፣ አየ፣ አሰረ። የበሩን ጎማ አወጣ፣ ጣቱን አሳለፈበት፣ «ይሄ አርጅቷል» አለ። እኔን እያየ ነው ያለው? በሌላ ጎማ ቀየረው። ማሽኑን አስነስቶ ፊቱ ቁጭ አለ። እስከ መጨረሻው ጠብ የለም! ማሽን እንግዳ ፊት ጨዋ ይሆናል እንዴ?

ሌንጂሳ ጭንቅላቱን አከከ። «ሲያፈስ ከልኩ በላይ ሞልቶ ነው የሚመስለው። ውስጡ ውሃ የሚጨምር ሰው አለ?»

«አስታግፊሩላህ!» አልኩ።

«አስታግፊሩላህ!» አለች ነዕማ። እኩል ነው የጮህነው።

እኔስ እሺ። እሷ ምን ቤት ናት?

ሰኔ 17

ኩሬው ተመለሰ። ከነአዲሱ ጎማ።

ሰኔ 18

ኢዘዲን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። አባቱም ጊደሯን የሸጠ ቀን እንዲህ ነበር የተቀመጠው።

«ኡሚ፣ ቱቦው ከወለሉ ሥር ሳይፈነዳ አይቀርም። ሰኞ ግንበኛ መጥቶ ይሰብረዋል። የአንቺም ክፍል ይቆፈራል።»

«እኔስ?»

«አጎቴ ጋ ሆሞሻ ትቆያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ክረምቱ እስኪወጣ። በዝናብ ሲሚንቶ አይደርቅም።»

ክረምቱ እስኪወጣ! አልጋዬ ቦታ የሽንኩርት ጆንያ ይገባል። ከዚያ የሂባ መጽሐፍ። ከዚያ «ኡሚ፣ ሆሞሻ አየሩ ተስማምቶሽ የለ?» ይባላል። አባቱ ይሄን ክፍል መጀመሪያ በቀርከሃ ነው የሠራልኝ። በኋላ ብሎኬት ሆነ፣ በሩ ግን ያኔ የተከለው ነው። ከወጣሁ አልመለስም። አውቃለሁ።

ነዕማ ሳሎን ትቀራለች፣ እኔ እወጣለሁ...

ሰኔ 19

ያዝኳት!

ጁምዓ ነው። ኢዘዲን መስጊድ፣ ሂባ ሥራ። እንደ ልማዴ ማሽኑን አቁሜ ኢብሪቄን አወረድኩ፣ ዘግቼ ልሰግድ ገባሁ። መስገጃዬ የለም። ለካ ረጥቦ ውጭ ተሰጥቷል። ላመጣ ስወጣ የማሽኑ ድምፅ ቀጥ አለ። ማን አቆመው? ኩሽና ብቅ አልኩ።

ነዕማ! ያ የታመመ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ማሽኑ ተከፍቶ፣ በእጇ ኢብሪቅ። የራሷ፣ ሰማያዊው። ከንፈሯ ቢስሚላህ ይላል።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

ደንግጣ የቀረውን እግሯ ላይ ደፋችው።

«ወላሂ፣ ይሄ ነገር ያንኑ ውሃ ነው እየደጋገመ የሚረጨው! ሳህኑ ጠሃራ የለውም! ልጄን ምን ብዬ ልንገራት፣ ተምራለች።»

የእኔ ቃል። ከአፌ የወጣ እስኪመስለኝ።

አፌ ላይ መጣልኝ። ለኢዘዲን አንድ ቃል ብናገር ግንበኛው ይቀራል፣ ክፍሌ ይተርፋል፣ እሷ ከነሻንጣዋ መንጌ ትገባለች። እንዴት ያምራል...

እሷ ግን ዓይኗ ማሽኑ ጎን ላይ ነው። አረንጓዴው ኢብሪቄ እዚያው ተቀምጧል። አፉ ገና ይንጠባጠባል።

«ያ የማነው?» አለች።

በቀሚሴ ልከልለው ጠጋ አልኩ።

«ኢንዓም» አለችኝ በስሜ፣ «የማነው?»

በዚያው ጊዜ ውሃው ከማሽኑ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። የሁለታችንንም እግር ነካ። እኔ አየኋት፣ እሷ አየችኝ። ማሽኑ የአንዲት ሴት ኢብሪቅ ይችላል። የሁለት አይችልም።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔ መሳቅ አልፈለግኩም። ሳቅኩ። ግድግዳ ይዤ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ኢዘዲን ሳይደርስ ጨርቅ ፈልገን ሁለታችንም በጉልበታችን...

ሰኔ 20

ማናችንም ውሃ አላወረድንም። ደረቅ። ሳህኑ ግን ቀፈፈን፤ የበላነው በድስት ክዳን ነው።

ሰኔ 21

እኔ ብቻ አወረድኩ። ኢዘዲን ቤት ነው፤ ነዕማ «ጉልበቴን! ጉልበቴን!» እያለች ሳሎን አስራ ያዘችልኝ። ያስለቅሳል። ሴትዮዋ ቴያትር ነበር መግባት የነበረባት።

ማሽኑ ሥር ደረቅ። ኢዘዲን ተንበርክኮ በእጁ ዳበሰው፣ ለግንበኛው ደወለ። «አትምጣ፣ ቆሟል።» ለሌንጂሳም ደወለለት። «ጎማው ቦታውን ያዘ ማለት ነው» አለ አሉ። ይበል። እኛ ምን ቸገረን።

ክፍሌ ክፍሌ ነው።

ሰኔ 25

አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ። የእሷ አወራረድ ደግሞ ከላይ ብቻ ነው፣ ታች አይደርስም። ነገርኳት። «መካ አንቺ ነሽ የሄድሽው?» አለችኝ።

ሐምሌ 5

የነዕማ ጉልበት ዳነ ተብሏል። ሂባ የእናቷን ሻንጣ ሳሎን አውጥታለች፣ ነገ ጠዋት በመኪና ወደ መንጌ ናት። ነዕማ ፍራሹን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። እኔ ኩሽና ቆሜያለሁ። ነገ የማን ተራ ነበር? የእሷ።

ሳሎን ወጣሁ። አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም።

«ሐጃ» አልኳት።

ቀጥ አለች። ሂባም ዞረች።

«ሐጃ፣ ጉልበትሽ ገና ነው።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጉልበቷን ያዘች። የቀኙን ነው የያዘችው፣ የታመመው የግራው ነበር።

«ወላሂ ገና ነው» አለች ለልጇ።

ሳሎን ፍራሽ ላይ ደግሞ ጉልበት አይድንም። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። የእኔ አልጋ ሥር።