የልጆቹ ችሎት እንዲከፈት፣ የልጄም ነጠላ እንዲመለስልኝ

ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር የአውራጃው ገዥ
ሰቆጣ

አመልካች፦ ወይዘሮ ይታየሽ ገብረ ጻድቅ

ጉዳዩ፦ በቤቴ ልጆች ጽሕፈት የሚለማመዱበት ጉባኤ ያልተፈቀደ ችሎት ነው ተብሎ በስሕተት ስለ መዘጋቱ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎን እየተመኘሁ ጉዳዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ካገባሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ አቆምሁ። ስጽፍ ቀርፋፋ ስለ ሆንሁ ይህን ማመልከቻ ከፋሲካ ማግስት ጀምሬ ገና ዛሬ ጨረስሁት። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፩. ልጄ ጥሩሐረግ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣ ነበር። እስክትሄድ ድረስ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ከአበርገሌና ከሰሃላ መጥተው ሰቆጣ ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ልጆች አሉ። በቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ነውና አማርኛ ሲጽፉ ባለቤቱና ግሡ ይጣሉባቸዋል። ይህ የእሷ አነጋገር ነው። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ የተጣላ ሰው የሚያስታርቀው ማነው?» አለችኝ። «ሽማግሌ» አልኋት። «ሽማግሌ ካቃተውስ?» «ዳኛ።» «እንግዲያው ዳኛ እናቆማለን» አለች።

፪. ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ። የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ተከሳሽ ነው፤ የጻፈው ልጅ ጠበቃው ነው። ሌላው ልጅ ከሳሽ ሆኖ ይነሣና እንደ አባቶቻችን ሙግት «ተጠየቅ!» እያለ፣ ማን አደረገው፣ ማንን አደረገው፣ መቼ አደረገው ብሎ ያፋጥጠዋል። ዳኛው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የተረታ ጽሑፍ ቅጣቱ እንደ ገና መጻፍ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ጥሩሐረግም ረቺውንና ተረቺውን በራሷ ነጠላ ቁራኛ ታስራቸውና «ጽሑፉ ሳይቃና አትፈቱም» ትላቸው ነበር። ስለዚህ የረታው ልጅ ራሱ ለመፈታት ሲል የተረታውን ያግዘዋል። በዚያ ቤት ረትቶ ብቻውን የሄደ ልጅ የለም።

የአበርገሌው ምንዋጋው አንድ ቀን «አባቴ ፍየል ሸጠች» ብሎ ጽፎ መጣ። ከሳሿ የባለሱቁ የኢድሪስ ልጅ ዘሀራ ነበረች፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

«ተጠየቅ! የሸጠችው ማን ናት?»

«አባቴ!»

«አባትህ ቀሚስ ይለብሳሉ?»

«ኧረ አይለብሱም!»

«እንግዲያው የሸጠችው ፍየሏ ናት። ፍየል አባትህን ገበያ አውጥታ ስትሸጥ ዝም ብለህ አየህ?»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ ምንዋጋው ነው። ከዚያ ወዲህ አባቱን በጽሑፍ ቀሚስ አልብሷቸው አያውቅም።

፫. ጥሩሐረግ ባለፈው ኅዳር በንዳድ ታማ በሳምንቱ ዐረፈች። ስለዚህ ነገር ብዙ ለመጻፍ እጄ እንቢ ይለኛል፤ የአቤቱታውም ጉዳይ አይደለም። አርባዋ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ጥሩሐረግ እኮ የለችም፣ ልጆቼ» አልኋቸው። ምንዋጋው መሬት መሬት እያየ፣ «እናውቃለን እትዬ። በርጩማው ግን አለ» አለኝ። አስገባኋቸው። ሲገቡም እኔኑ በርጩማው ላይ አስቀመጡኝ። ከልጄ ሞት በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት እዚያ ላይ ተቀምጬ ነው።

፬. ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በዕድሜው ልጄ የሚሆን አሥር አለቃ ገበያው የሚባል ፖሊስ በደጃፌ ሲያልፍ ዘሀራ «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮኽ ሰማ። በሕግ አምላክ ሲባል ሰምቶ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ሕግ አስከባሪማ እንዴት ብሎ ያልፋል? ጠመንጃውን እንደ ያዘ ገባ። ያገኘውም በርጩማ ላይ የተቀመጥሁትን እኔን፣ በነጠላ የታሰሩ ሁለት ልጆችን፣ «ይፈረድበት!» እያለ የሚንጫጫ ሸንጎ ነው። «ይኸ ምን ጉድ ነው?» ቢል ዘሀራ ፈጥና፣ «ችሎት ላይ ነን ጌታዬ፤ ባርኔጣዎን ያውልቁ!» አለችው። ደንግጦ አወለቀ። ኋላ ነቃና መልሶ ደፋው። ወደ እኔ ዞሮ «ዳኛ ብሎ የሾመሽ ማነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርሁት፤ «ልጄ ናት» አልሁ። «የት አለች?» «ሞታለች።» ደብተሩን አወጣ። ከዚያም ጻፈ። ነጠላውንም ለማስረጃ ብሎ ፈትቶ ወሰደው።

በደረሰኝ ትእዛዝ ላይ «ያለ ሥልጣኗ ችሎት አስችላለች፤ ሁለት ሰዎች ቁራኛ አስራ ተገኝታለች፤ ሾመችኝ ያለቻት ሰው አልቀረበችም» የሚል አለበት። ክቡር ሆይ፣ ሦስቱም እውነት ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አሥር አለቃውን አልወቅስም፤ ያየውን ጻፈ።

፭. የአማርኛው አስተማሪ መምህር አሥራተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አግኝተውኝ፣ «ችሎትሽ ከተዘጋ ወዲህ ቀይ ቀለም አልበረክትልኝ አለ» ብለው አሳቁኝ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሰኔ ነው። ምንዋጋው በድርሰት ከወደቀ አባቱ ወደ አበርገሌ ሊመልሱት ቁርጡን ነግረውታል። አሁን ቅዳሜ ሲሆን መጥቶ ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል፤ ይሰርዛል። ትእዛዙን ስለማከብር ግባ አልለውም። እሱም አስገቢኝ አይለኝም።

ስለዚህ ልጆቹ እስከ ፈተናው እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ እንዲመጡ ይፈቀድልኝ ዘንድ እለምናለሁ። «ችሎት» መባሉ መንግሥትን የሚደፍር ከሆነ ሌላ ስም እናወጣለን። «በሕግ አምላክ» መባሉ ይቅር ከተባለም ዘሀራን እመክራታለሁ፤ ዝም ለማለቷ ግን ዋስ አልሆንም። ጥርጣሬ ካለ ክቡርነትዎ ወይም የሚወክሉት ሰው ይምጡና በርጩማው ላይ ይቀመጡ፤ እኔ መደብ ይበቃኛል። አሥር አለቃ ገበያውም ይምጣ፤ ባርኔጣውን እንደ ደፋ ይግባ።

ይህን ማመልከቻ እንደ ወጉ በልጆቹ ፊት አቁሜ ላስከስሰው በተገባኝ ነበር። ችሎቱ ዝግ ስለ ሆነ ሳይጠየቅ መጥቷል። ስሕተት ቢገኝበት እኩሌታው የእኔ፣ እኩሌታው የትእዛዙ ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ ነጠላው ነው። የጥሩሐረግ ነው። ጫፉ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለበት፤ የሚበዛው የልጆቹ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ከእሷ እጅ የቀረ ነው። እድፍ መስሎት ማንም እንዳያጥብብኝ አደራ እላለሁ።

ፍርድዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ይታየሽ ገብረ ጻድቅ
(ፊርማ)