በእናንተ ምክክር ዝናብ የመታው የቡሬ ለቅሶ

ለተከበራችሁ የዓለም አቀፉ የእህል ምክር ቤት አምባሳደሮች፣ በያላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? አዲስ ዋና ዳይሬክተር ለመሰየም ዘጠኝ ወር ሙሉ የተቀመጣችሁበት ወንበር ወገባችሁን እንዳይጎዳው፣ የሐይቁ ዳር ሆቴል ብርድም እንዳያገኛችሁ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ግን፣ ለእናንተም ለአንባቢዎቼም ልናዘዝና፣ ደህና አይደለሁም፤ ቡሬ ገበያ ስወጣ ከወይዘሮ እታለም ጋር እንዳልገናኝ በከብት ተራ በኩል ዞሬ ነው የማልፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ባለፈው ሚያዝያ በእርጅና ሲለቁ፣ እኔ አዋቂዋ በዚሁ መጽሔት ላይ «እጅ አውጥቶ መምረጥ ቂም ያተርፋል፤ ሥልጣኔ ማለት እንደ አምባሳደሮቹ ሁሉም እስኪስማማ መመካከር ነው» ብዬ ጻፍኩ። የቡሬ ሰው ደግሞ ያነባል፤ አንብቦም ተቀበለኝ። ስለዚህ ያስተማራችሁንን በቁጥር ዘርዝሬ ላመስግን።

፩. ወንበሩ በተራ የየትኛው አህጉር ነው ብላችሁ ወራት መወያየታችሁን ሰምተን፣ እኛም የላይ ሰፈር ነው የገበያ ሰፈር በሚለው ሦስት ወር ተወያይተናል።

፪. ዋናነቱ ለቀረበት ወገን ምክትልነቱ ይሰጠው ማለታችሁን ተከትለን፣ ሊቀመንበሩ ከላይ ሰፈር ከሆነ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለገበያ ሰፈር ይሁን ተባለ፤ በቁልፉም ላይ ምክክሩ ቀጥሏል። በጨዋነትማ ሳንበልጣችሁ አልቀረንም። እጩዎቻችን አቶ ክንፈሚካኤልና አቶ ጠሃ በተገናኙ ቁጥር «ኧረ እርስዎ ይሁኑ!»፣ «በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» ይባባሉና፣ ጀርባ እንደተሰጣጡ እያንዳንዳቸው ደጋፊ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራሉ።

፫. ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። በነሐሴ የወይዘሮ እታለም ባል አቶ ይታገሱ አረፉ። የእድሩ ድንኳን ያለ ሊቀመንበር ፊርማ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ደንባችን ነው። ሽማግሌዎቻችን «ለጊዜው ማን ይፈርም?» በሚለው በትሕትና ተመካከሩ፤ አልተስማሙም። ለቀስተኛው ሦስቱን ቀን ዝናብ ሲወርድበት ተቀመጠ። ጃንጥላ ይዤ ብጠጋቸው ወይዘሮ እታለም ቀና ብለው፣ «ግድ የለም ልጄ፤ እናንተ ብቻ ተስማሙ፤ እኔ እደርቃለሁ» አሉኝ።

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዕሬን ያነሳሁት እናንተን ልወቅስ ነበር። ግን እናንተ ቡሬን በካርታም አታውቋትም፤ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። የአቶ ይታገሱ አርባ የሚወጣው በመጪው ሳምንት ነው፤ እድሩ ደግሞ እሑድ ይሰበሰባል። ቆሜ የጻፍኩትን በሰው ፊት እሽራለሁ፣ እጃችንን አውጥተን እንምረጥ እላለሁ፣ የእኔንም እጅ መጀመሪያ አነሳለሁ። ስላስተማራችሁን ትዕግሥት አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን የምንችለው አልሆነም።

ለረጅም ስብሰባችሁ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳችሁ፣
ያምሮት አንዷለም፣
የዚህ ገጽ አምደኛና የቡሬው እድር አባል

ማስታወሻ፦ እናንተ ዘንድ ሰው ከጠፋ ሁለቱን እጩዎቻችንን በደስታ እንልካለን። ሁለቱም «አይገባኝም» ይላሉ፣ ሁለቱም ከእጩነት አልወጡም፤ ከእናንተ ጋር ቶሎ ይላመዳሉ። ወይዘሮ እታለም አርባውን ድንኳን ሥር ተቀምጠው ማውጣት አለማውጣታቸውን ግን እዚሁ እነግራችኋለሁ፤ ካልተቀመጡ የጥፋተኛዋን ስም በትልቁ አጽፋለሁ፣ ስሙም የእኔ ነው።