ቡፌ ያጣ ዋንጫ

ለውድ እህቴ ለሳያት፣

እንዴት ሰነበትሽ ሳዬ? የስቶክሆልም ብርድ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ዛሬም አረጋውያኑን ስታነሺና ስታስተኚ ነው የምትውዪው? እዮኤል ደህና ነው? ሊዲያስ፣ አማርኛዋ ተሻሻለ ወይስ እንዳለፈው “አጎቴ ደህና ናት?” እያለች ልታስቀኝ ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። እማዬም ጉልበቷን እያማረረች ከጸሎት ቤት አንድ ቀን አትቀርም። ሐይቁ በቦታው አለ፤ አባ ኮዳ ወፎቹም ዓሣ ገበያው ላይ እንደ ዕድር ዳኛ ቆመው ይውላሉ።

ይህን ወሬ በስልክ የማልነግርሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወንድ ሆኜ ወንድ እንደምወድ ከቤተሰቡ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እዚህ ደግሞ እንኳን ሰፈሩ ሕጉም አይምርም። ስለዚህ ለእረፍት መጥታ ወደ እናንተ በምትመለሰው በሶፍያ እጅ ልኬዋለሁ። ደብዳቤውን ያገኘሽው ዋንጫ ውስጥ ተጠቅልሎ ነውና፣ ግራ ሳይገባሽ የዋንጫውን ነገር ላውራሽ።

አምና እናንተ ከተማ እንደኔ ያሉ ሰዎች የቦውሊንግ ውድድር አዘጋጅተው፣ በሩ ላይ “ማንም ይግባ” ብለው ለጥፈው አየሁ ብለሽኝ አልነበር? ከዚያን ቀን ጀምሮ አላስቀምጥ አለኝ። እኛስ ምን ያንሰናል አልኩ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ የቦውሊንግ ክፍል አለው፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝንብም አይገባበትም። የድሮ ተማሪዎች መገናኘት ፈልገናል ብዬ ያዝኩት። በር ላይ የምንለጥፈው ነገር የለንም፤ አንዱ ለአንዱ ሹክ እያለ ነው የተጠራራነው።

ካዘጋጀሁ አይቀር ሐቅ ያለበት ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ማን ከማን እንደሚጋጠም በዕጣ ወጣ፤ ባለ መኪናው ከባለ ባጃጁ፣ ዘማሪው ከቸርች ከተባረረው ጋር ተደባለቀ። ጓደኛዬ ኩማ በየሳምንቱ የሚጫወት የለየለት ቦውሊንግ አፍቃሪ ስለሆነ፣ ለጀማሪዎቹ መነሻ ነጥብ ሰጠናቸው። “በጠራራ ፀሐይ ተዘረፍኩ!” ብሎ ጮኸ፣ ግን ተስማማ። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም ተባባልን። ስክሪኑ ደግሞ ስም ካልተጻፈበት ነጥብ አልቆጥርም አለ። ምን ይደረግ? የሐይቁን ዓሣና ወፍ ተከፋፈልን። ኩማ አምባዛ ሆነ፤ እኔ በዚህ ቀጭን እግሬ አባ ኮዳ ተባልኩ፤ ብርሃነሽ ትንሿ ዓሣ ቆሮሶ ሆነች።

ብርሃነሽን አታውቂያትም። አንድ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ሴት የምትወድ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ስትመጣ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ለመሸሽ እንዲመቻት ነው። የቦውሊንግ ኳስ በእጇ ነክታ አታውቅም። የመጀመሪያዋን ኳስ በሁለት እጇ አቅፋ ሄዳ ለቀቀችው፤ ሁላችንም ሳቅን። ኳሱ እየተንፏቀቀ ሄዶ የቆመውን እንጨት ሁሉ አንድ ሳያስቀር ጠረገው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! መጨረሻ ላይ ከኩማ ጋር ለፍጻሜ ደረሰች፤ መነሻ ነጥቧን ባንቆጥርላት እንኳ በልጣዋለች። ነጥቡን ደጋግሞ የደመረው ራሱ ኩማ ነው፤ ተሸንፎም እጇን ወደ ላይ ያነሣላት እሱ ነው። እልል አልን፤ ግን እንግዳ መቀበያው ድረስ እንዳይሰማ አፋችንን በእጃችን ይዘን ነው።

ጸጸቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኩማ ገና ስናስበው “ኬክ ሸልም፤ ተበልቶ ያልቃል፣ ከየት መጣ የሚል የለም” ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ “ዋንጫ የሌለው ውድድር ሙሽራ የሌለው ሠርግ ነው” ብዬ የተፈላሰፍኩበት። መሃል ከተማ ሄጄ ገዛሁና “አንደኛ” ብቻ ብዬ አስቀረጽኩበት። ዋንጫ ቤት እንደሚፈልግ አላሰብኩም። እኛ አገር ዋንጫ ቡፌ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የገባ እንግዳ ሁሉ የማን ነው ማለቱ አይቀርም።

እነ ብርሃነሽ ቤት ቡፌው ላይ የነበረው የታላቅ ወንድሟ የእግር ኳስ ዋንጫ ብቻ ነው። እሷ በዕድሜዋ ምንም አሸንፋ አታውቅም። እናቷን ወይዘሮ ዘነበችን ማሳየት አማራት፤ ሰው አይደለች እንዴ! የመሥሪያ ቤት ውድድር ነው አለቻቸው። እሳቸውም የልጅየውን ዋንጫ ወደ ኋላ ገፍተው የእሷን ፊት ለፊት አደረጉት፤ የጸሎት ጓደኞቻቸውን ጠርተውም አመሰገኑ። ምናለ እዚያ ላይ ቢያበቃ! “ልጄን እንዲህ ያከበሩልኝን ሰዎች ሳላመሰግን አልቀርም” ብለው ድፎ ዳቦ ይዘው መሥሪያ ቤቷ ሊሄዱ ተነሡ። እዚያ ደርሰው “የምን ዋንጫ?” ቢባሉ የሚከተለውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

ልጅቷ ምን ታድርግ? ነጥቡ ሲደመር ስህተት ተገኝቶ ነው፣ ያሸነፈችው ሌላ ናት፣ መልሺ ተብያለሁ አለቻቸው። አየሽልኝ ሳዬ? ያን ሁሉ ዕጣና ድምር ለሐቅ ብለን ስንለፋ ከርመን፣ በሐቅ ያሸነፈችው ልጅ ለእናቷ አላሸነፍኩም አለች። ወይዘሮ ዘነበች “የሰው ሐቅ ቤቴ አያድርም፣ አሁኑኑ መልሺ” አሉ። ዋንጫውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው በፌስታል ጠቀለሉላት። ደጃፍ ድረስ ሸኝተዋትም “አይዞሽ ልጄ፣ ሁለተኛ መውጣትም ትልቅ ነገር ነው” አሏት።

መናኸሪያ ያለው ቤቴ መጥታ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር የጀመረችው። “አይዞሽ” የሚለው ላይ ስትደርስ አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። ሙያ በልብ ነው የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ዋንጫ በልቶ ለእናቱ መንገር አምሮት አያውቅም። ምነው ኩማን በሰማሁት፣ ምነው ኬክ በገዛሁ አልኳት። “ኬክ ቢሆን ኖሮ እማዬ መች ታየኝ ነበር? ለጥቂት ቀንም ቢሆን አይታኛለች” አለችኝ።

እኔም ቤት ሊቀመጥ አልቻለም። እማዬ በመጣች ቁጥር አልጋ ሥር ስወሽቀው የሰረቅኩት መሰለኝ። ኩማ የሚኖረው ከወንድሞቹ ጋር ነው። ይህን ሁሉ ቤት ከያዘች ከተማ አንድ ቡፌ አጣን። ስለዚህ ላንቺ ላክነው። ሳሎንሽ ውስጥ እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ አድርጊልን። “አንደኛ” ከሚለው ሥር ስም አስቀርጪበት። ቆሮሶ እንዳትይ አደራ! ብርሃነሽ ሙሉጌታ ብለሽ አጽፊ፤ ጠይቄያት “ከነአባቴ ስም ይሁን” ብላለች። በአማርኛ የሚቀርጽ ካጣሽ በነሱ ፊደል ይሁን።

እማዬ ግንባርሽን ስማለች፤ ታናሻችን ታምሩም ሰላም ብሎሻል፤ ጫማ ላኪልኝ ማለቱን ግን አልተወም። እዮኤልን ናፍቀኸናል በይልኝ። ሊዲያን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የማን ዋንጫ ነው ብላ ከጠየቀችሽ አንደኛ የወጣች የሐዋሳ ልጅ ዋንጫ ነው በያት። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ዋንጫውን ግን እንዳትደብቂው።

ወንድምሽ ኤልናታን

ሐዋሳ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.