ከፎጣው ስር

ጭሮ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለሳቢር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህስ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ወረቀት የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሀኒፋ ናት፤ ነገ ወደዚያ ትመለሳለች። በቤተሰቡ ግሩፕ ያልጻፍኩት ስለተናደድኩ ነው። እህትህ አስማ ስልኳን አሳይታኝ ያልከውን አነበብኩ፦ «አባባ ከእንግዲህ ሰው አይለይም፤ ግመሏ ትሸጥና አዳማ ወንድሜ ጋ ይወሰድ።» አጎቶችህ አውራ ጣት ደረደሩበት፤ አክስትህ የሚያለቅስ ፊት ላከች። ሰውየው ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጣችሁ!

እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ ተይዟል፤ ስጠራው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዛሬ ጠዋት አብዱላሂ ከቦርደዴ ሊጠይቀው መጣ። ከአባትህ ጋር በከብት ገበያው ስንት ዘመን አብረው ድለላ እንደሠሩ ታውቃለህ። የግመሏን ነገር ነገርኩት። አልጋው ጠርዝ ተቀመጠና ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በአባትህ ጤነኛ እጅ ላይ ጣለ፤ የራሱንም እጅ ከስር አስገባ። ልክ እንደ ገበያው ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ያን ሁሉ ሕዝብ መሃል ቆመው፣ ማንም ሳይሰማ በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ አንተም እያየህ ነው ያደግከው።

ፎጣው ተንቀሳቀሰ።

«መዳፌን ጫረኝ!» አለ አብዱላሂ። «ለግመሏ ዋጋ ብሰጠው ‹አልስማማም› አለኝ። ቆይ፣ ልጨምርለት።»

ፎጣው እንደገና ተንቀሳቀሰ። አብዱላሂ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው።

«በድሪን ጅራ!» አለ በኦሮምኛ፣ የአባትህን ስም ጠርቶ። «ዘይቱና፣ ሰውየው አለ! እዚሁ አለ! ያው እንደ ድሮው ጨካኝ!»

እየሳቀ እንባው ወረደ። እኔ ሱብሓነላህ አልኩ። አፉ ዝም ብሏል፣ ዓይኑ አይለየኝም፣ ሰውየው ግን እጁ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ይህን ያህል ዘመን አንድ ቤት ኖረን ያን ቋንቋውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።

«እኔም ላናግረው» አልኩ።

«ሴት ከፎጣ ስር ገብታ አታውቅም» ብሎ ሳቀብኝና አስተማረኝ። «ከጫረሽ እምቢ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ ከያዘሽ እሺ ነው። ነገሩ ሳያልቅ እጅ አይለቀቅም፣ የገበያችን ደንብ ነው።»

እጄን አስገባሁ። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሙሽራ አፈርኩ።

«ግመሏ ትሸጥ?» አልኩት። ጫረኝ።

«አዳማ ትሄዳለህ?» በኃይል ጫረኝ።

ከዚያ «ሳቢር ይምጣ?» አልኩት።

የሄድክ ዕለት ምን እንደተባባላችሁ አላነሳም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። ብቻ አምስቱም ጣቶቹ እጄ ላይ ተዘጉ።

ስለዚህ ግመሏ አትሸጥም፣ አባትህም ከቤቱ አይነቃነቅም። በግሩፑ ላይ «አባባ አለ» ብለህ አንተው ራስህ ጻፍላቸው። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ እንጀራህን ያብዛልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ።

ጽሑፌ ከተጣመመብህ ወረቀቱን የያዘችልኝ አስማ ስለሆነች ነው። አብዱላሂ ከሄደ ቆየ፤ ግራ እጄ ግን አሁንም ፎጣው ስር ነው፣ አባትህ አልለቀቀኝም። መቼ እንደምትመጣ ንገረኝና ልንገረው።

እናትህ ዘይቱና