ያለ ክር ስለተሰፋው ሸሚዝ

ይድረስ ለተከበሩ የኢንቨስትመንት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ መግለጫዎ የተረጋጋ ይሁን፣ ወንበርዎም ገንዘባችንን ካገኘው መንሸራተት ይጠበቅልዎ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔን አያውቁኝም፤ ጀርባዬን ግን ያውቁታል። እንግዳ ባስጎበኙ ቁጥር ከኋላ ቆመው «ትጉሁ የሰው ኃይላችን» እያሉ የሚያሳዩት፣ በሸሚዝ ፋብሪካው አዳራሽ እጅጌ ስገጥም የምውለውን የእኔን ጀርባ ነውና። ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን በቢሮዎ ደንብ መሠረት በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ፋብሪካውን የከፈቱት የውጭ ባለሀብት ሲመጡ፣ ክሩም ቁልፉም ከባሕር ማዶ እንደሚገዛ፣ ለዚያም የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እንደሚያስጠብቅ እርስዎ ያውቁ ነበር። የነገሯቸው ግን ስለ ግብር እፎይታው፣ ስለ ርካሹ መብራትና ስለ ርካሾቹ ስለ እኛ ብቻ ነው። የገንዘባችን ዋጋ ሲወርድ ትርፋቸው እጃቸው ላይ ሟሸሸ፤ ባንኩም ለክር መግዣ የሚሆን ዶላር የለኝም አላቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ሰውየው ለአጭር ዕረፍት ብለው ሄዱ፤ ዕረፍቱ እንደተስማማቸው ያወቅነው ባለመመለሳቸው ነው። እርስዎ ይህን «ጊዜያዊ መዋዠቅ» ብለውታል። እናቴ ዘይት ልትገዛ ወጥታ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ ስትመለስ፣ ነገሩ መዋዠቅ መሆኑን በቃልዎ አስረዳኋት። በመዋዠቅ ሽንኩርት ይጠበስ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

፪. ፋብሪካውን ይገዛሉ የተባሉት ሌላው ባለሀብት ሊጎበኙን በመጡ ዕለት ክር አልነበረንም። ቢሮዎ ግን ጉብኝቱ እንዳይሰረዝ፣ የስፌት መኪኖቹም እንዲንቀሳቀሱ አዘዘ። በደጉ ጊዜ ለአንዲት የዘለለች ስፌት ሙሉ ሸሚዝ ያስፈታን የነበረው ተቆጣጣሪያችን፣ ላብ እያጠመቀው በየመስመሩ ዞረና፣ «እጃችሁ ይንቀሳቀስ እንጂ ክሩን ማን ያያል» አለን። ከጎኔ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ሳቀች፤ እኔ አፈርኩ። እጅጌውን ከትከሻው ጋር በእስፒል እያያዝን ጨርቁን በባዶ መርፌ ስንወጋ ዋልን። ውሃ መውቀጥ ሲባል እሰማ የነበረውን ያን ቀን በእጄ ሠራሁት።

እንግዳው ሸሚዜን አንስተው እጅጌውን ሳብ ቢያደርጉት እጃቸው ላይ ቀረ። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ሄዱ። በማግስቱ በሬዲዮ፣ እንግዳው በምርታችን ጥራት ተደንቀው ለመታሰቢያ ናሙና መውሰዳቸውን ሲያበስሩ ሰማንዎ። ለዚህ የቋንቋ ችሎታዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

፫. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ስላለቀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን ደግሞ ሦስተኛ ባለሀብት እንደሚመጡ ተነግሮናል። እኒህም ፊታቸውን ካዞሩ አዳራሹ ይዘጋል፤ እኔም እህቴም ሥራ ፈተን ቤት እንውላለን። ስለዚህ ለእኒህ ሰው እንኳ እውነቱን ይንገሯቸው። ምንዛሪ እንደሚጠፋ፣ የገንዘባችን ዋጋ ነገ ዛሬ ባለበት እንደማይገኝ፣ ትርፋቸውን ለማውጣት ደጅ እንደሚጠኑ ከመግባታቸው በፊት ይወቁት። አውቆ የገባ ሰው ይዘጋጃል፤ ተታሎ የገባ ግን ዓይኑ ከመውጫው በር ላይ አይነሳም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እርስዎ ወርቁን በወጉ መዋስ እንኳ አቅቶዎታል። አፍሬብዎታለሁ።

ለአገር ገጽታ ጀርባዋን ያበረከተች፣ በአመራርዎ ዘመን ያለ ክር መስፋት የተማረች፣ ለዚህም ውለታዎ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ፣

የሦስተኛው መስመር እጅጌ ገጣሚ

ማስታወሻ፦ ለአዲሱ ባለሀብት መቀበያ «እንኳን ወደ አስተማማኙ ኢኮኖሚ በደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰፍተን በፋብሪካው በር ላይ እንድንሰቅል ያስተላለፉት ትእዛዝ ደርሶናል። ክር ስላልላኩልን፣ እንዳስለመዱን ቁራጮቹን በእስፒል አያይዘን ሰቅለነዋል። እውነቱን ለመናገር ከወሰኑ ይላኩብኝ፤ እናቴ ያስቀመጠችው አንድ ጥቅል ክር አለ፣ ራሴ መጥቼ እሰፋዋለሁ። ካልወሰኑ ግን እንግዳውን ሲቀበሉ ከሥሩ አይቁሙ፤ ሰሞኑን ነፋስ አለ።