ሳትወለድ የታየባት ዕጢ

ለእህቴ ለሰብለወንጌል፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ጌትነትና ልጆቹስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ፣ እኔም የሻውም ጨቅላዋ ልጃችንም፣ በሕይወት አለን።

ስልክሽን ሳላነሳ መክረሜን በክፉ አትይብኝ። ማርገዜን ነግሬሽ የቀረውን የምነግርበት ቃል አጣሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ሐምሌ ላይ፣ ሰባተኛ ወሬ ሲገባ፣ እዚሁ አሶሳ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ባለሙያዋ ስታጫውተኝ ቆይታ፣ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ አመላለሰችውና ሐኪም ጠራች። እሱም አይቶ፣ «ሴት ናት። ከመቀመጫዋ አጥንት ሥር ዕጢ በቅሎባታል፤ ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ሂዱ» አለን። ሥዕሉ ላይ የሚተካከሉ ሁለት ክቦች ነበሩ። የሻው ትክ ብሎ አየና፣ «ራሷ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሆዴ ላይ የተቀባውን እየጠረግሁ፣ ጓሮ ያሰጣሁትን ልብስ ዝናብ እንዳይመታው አስብ ነበር።

አዲስ አበባ ከረምን። ዶክተሯ፣ «ዕጢው ደሟን ይሻማታል፤ ልቧ እንዳይደክም እንከታተላለን። በምጥ ከመጣች ግን ሊፈነዳ ይችላል» አለችኝ። ትተርፋለች ወይ ስላት ዓይኔን አይታ፣ «አላውቅም» አለች። ስላልዋሸችኝ ወደድኳት። መስከረም እንደጠባ በኦፕራሲዮን አወጧት፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ዕጢውን ቀደው አነሱላት። ተመርምሮም ካንሰር አይደለም ተባለ። ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

ቤታችን ስንገባ ጎረቤት እልል አለ። ጋዲሴ፣ ያቺ የወለጋዋ ጎረቤቴ፣ ገንፎ አገነፋች። የሻው አለቀሰ። ለእኔ እልልታው ከሌላ ሰው ግቢ የሚሰማ መሰለኝ። አጠባታለሁ፣ ቁስሏን አጥብላታለሁ፤ ግን እትዬ፣ የሰው ልጅ በአደራ የያዝኩ፣ ሲመሽ እናቷ መጥታ የምትወስዳት ይመስለኛል። ሰው «ተመስገን በይ» ይለኛል፤ እላለሁ።

ክርስትናዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ነይልኝ፤ ለድግሱ አይደለም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ፊቴን አይቶ የሚያውቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በሩን ዘግተሽ አጠገቤ ብትቀመጪ አለቅስ ይሆናል። እስካሁን አላለቀስኩም።

ጌትነትን በጣም ናፍቃሃለች በይልኝ። ሔለንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሰራዊትም በትምህርቱ ይበርታ።

እህትሽ እታለም
አሶሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.