ያልሮጥሁት ማጣሪያ

ይድረስ ለምሳሳልዎት አባቴ፣ ለመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ።

አባየ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ ማክሰኝትን ለቀቀ ወይስ አሁንም ጋቢ ደርበው ነው የሚወጡት? የእማየስ ወገብ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እዚህ ባሕር ዳር ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። ይህን ነገር በስልክ ያልነገርሁዎት ድምፅዎን ስሰማ ማልቀሴ ስለማይቀር ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ኅዳር ላይ ጉንፋን ይዞኛል ያልሁዎት ውሸት ነበር። የጽዮን ዕለት ኪዳኑንም ቅዳሴውንም ቆሜ አስቀደስሁና፣ ይህን ያህል ከቆምሁ ሰውነቴ ሞቋል ብየ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ በቀጥታ በሐይቁ ዳር በፍጥነት ሮጥሁ። ለካ መቆም እግርን ያደርቃል እንጂ አያሞቅም። ብዙም ሳልርቅ የባቴ ጡንቻ ተጎዳና እዚያው ቁጭ አልሁ። አምስት ሳምንት አነከስሁ። ሩጫው ይቅርብሽ፣ ነይ ይሉኛል ብየ ፈርቼ ነው የደበቅሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አሰልጣኛችን ወለላ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ አታስሮጠኝም። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ሶምሶማ፣ ከዚያ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ጉልበትን ከፍ እያደረጉ መራመድ፣ መጨረሻ ላይ አጫጭር ፈጣን ሩጫ ነው። የፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ሲያዩን ይስቃሉ። እኔ ግን እርስዎ ትዝ ይሉኛል። ማኅሌት ሲቆሙ መጀመሪያ በመቋሚያው ቀስ ይላሉ፤ ከበሮው ኋላ ይገባል፤ ጭብጨባው መጨረሻ ነው። ይህን እያየሁ አድጌ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። በዚህ ማጣሪያ አልፌ ክለብ ካልገባሁ ወደ ቤት እመለሳለሁ ብየ ቃል እንደገባሁልዎት አልረሳሁም። ውድድሩ ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ነበር የተባለው። ለማሟሟቅ ብየ በአንድ ሰዓት ሜዳው ስደርስ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይሩጡ ብለው ሰዓቱን አስቀድመውት ኖሯል፤ ጫማየን እንኳ ሳላስር ስሜ ተጠራ። ወለላን አየኋት። እግሩ ያንቺ ነው፣ እኔ አልወስንልሽም አለችኝ። ቁጥሬን ከደረቴ ፈትቼ መለስሁላቸው። የሮጡት ተጎዱ እንዳይመስልዎት፣ ሁሉም በሰላም ገቡ። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ የምቀድማት እሌኒም አለፈች። እኔ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን መልሰው ቢጠሩኝም ሳላሟሙቅ አልሮጥም ነበር።

ሌላ ማጣሪያ ሚያዝያ ላይ አለ። ወለላ እስከዚያ ድረስ አብሬሽ ነኝ ብላኛለች።

እማየን ጉንጮቿን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ስለ ባቴ ግን ቀስ ብለው ይንገሯት፣ ትደነግጣለች። አምሐን፣ እህትህ ተሸንፋ ሳይሆን ሳትሮጥ ቀርታ ነው ይበሉልኝ፤ የዚያ ልጅ ምላስ አያስኖረኝም። የክርስትና እናቴን እትየ የሺአረግን በጸሎትዎ አይርሱኝ ይበሉልኝ።

አባየ፣ መልስዎ አንድ ቃል ይበቃኛል። ነይ ካሉኝ በማግሥቱ እሳፈራለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ቆዪ የሚሉኝ ከሆነ ግን በአምሐ አያስጽፉት፣ በእጅዎ ይጻፉልኝ። ሚያዝያ ላይ ከቱታየ ኪስ ይዤው ነው ሜዳ የምገባው።

ልጅዎ ትንቢት ሀብተ ሥላሴ
ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.